ከእቶኑ ፊት፦ ብርጭቆ ሲነፋ ለማየት ለምትሄዱ

ባለፈው ዕትም፣ በየሀገሩ እሳታቸው ገና ያልጠፋ ጥንታዊ የብርጭቆ መንፊያ ቤቶች እንዳሉ፣ ጎብኚም ገብቶ ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ማየት እንደሚችል በአጭሩ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አላባራ አለ። አንዳንዶቻችሁ ለጉዞ እየተዘጋጃችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ አይታችሁ መጥታችሁ ያልገባችሁን ትጠይቃላችሁ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ባለ ቤት በረዳትነት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ያነበብኩት በደስታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ከባለቤቴ ጋር በምንሄድበት ጉዞ ላይ አንድ ጥንታዊ የብርጭቆ ቤት አለ። አስጎብኚው ለቦታው የያዘልን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ይበቃናል? ምኑን ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ አይበቃችሁም እህቴ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አረፋው ሲነፋ ታያላችሁ፤ አብዛኛው ጎብኚ እዚያ ላይ ያጨበጭብና ፎቶውን አንስቶ ወደ መሸጫው ክፍል ይሄዳል። ትልቁ ሥራ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አስጎብኚያችሁን ለምኑት። ከሌላው ፕሮግራም ቀንሳችሁም ቢሆን አንድ ዕቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሠራ ተቀምጣችሁ እዩ። ተራ የውሃ ብርጭቆ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። እግርና ጆሮ ያለው ዋንጫ ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። ረዳቱ ረጅም የብረት ቧንቧ ይዞ ወደ ምድጃው ይቀርባል። የቧንቧው ጫፍ አስቀድሞ ግሏል፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ በደንብ አይዝም። ጫፉን ነክሮ ሲያሽከረክረው፣ ማር በማንኪያ ላይ እንደሚጠቀለል ብርጭቆው ይጠቀለልበታል። ሙቀቱ በዚያን ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። አውጥቶ ልሙጥ የብረት ገበታ ላይ ያንከባልለዋል። ገበታው የውጪውን ቆዳ ጥቂት ያበርደዋል፤ ብርጭቆውም በቧንቧው ልክ መሃል ላይ ይሰበሰባል። ትንፋሽ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ትንፋሹን ልብ በይ። ትንሽ ነው። ነፊው አጭር እፍ ይልና የቧንቧውን አፍ ወዲያው በአውራ ጣቱ ይደፍነዋል። ውስጥ የታፈነው አየር በሙቀቱ ይለጠጥና አረፋውን ራሱ ይከፍተዋል። ብዙ ሰው ይህ ሥራ ትልቅ ሳንባ የሚጠይቅ ይመስለዋል። የሚጠይቀው ግን ሰዓቱን ማወቅ ነው፤ ብርጭቆው ለትንፋሽ እሺ የሚልበት ቅጽበት አለ።

ከዚያ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ዙር ብርጭቆ ይደረብበታል። ባለሙያው ከግራና ከቀኝ ረጃጅም ክንዶች ያሉት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ቧንቧውን ክንዶቹ ላይ አጋድሞ በአንድ እጁ ያንከባልላል፣ በሌላው ይቀርጻል። መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የከረመ፣ ሆዱ የተፈለፈለ እንጨት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቼሪ ዛፍ የተሠራ ነው። ትልቅ ወረንጦ አለ። መቀስ አለ። የረጠበ ጋዜጣም አለ። ጋዜጣው ተጣጥፎ ውሃ እስኪጠጣ ይነከራል፤ ባለሙያው መዳፉ ላይ አድርጎ ያንን የጋለ ብርጭቆ በእጁ ይዳስሰዋል። በመሃል የሚነሣው እንፋሎት እጁን ይጠብቅለታል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በሰው እጅና በእሳት መካከል ያለው ወረቀትና ውሃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቅጽበት ደረስን። እስካሁን ዕቃው ከቧንቧው ጋር ተጣብቋል፤ አፉ የሚሆነውም ቦታ እዚያው ቧንቧው ላይ ነው። ታዲያ እንዴት ይከፈታል? ረዳቱ ሌላ ጠጣር የብረት ዘንግ ያመጣል፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ትኩስ ብርጭቆ አለ። ይህንን ከዕቃው መቀመጫ ጋር ያጣብቀዋል። ባለሙያው ከቧንቧው በኩል ያጠበበውን ቀጭን አንገት በውሃ ጠብታ ይነካዋል። ከዚያ ቧንቧውን አንዴ ቀለል አድርጎ መታ። ዕቃው ከቧንቧው ይለቅቅና በዘንጉ ላይ ይቀራል። እንደገና ሞቆ ቀዳዳው በወረንጦ ሲሰፋ፣ ብርጭቆ ይሁን ሳህን ወይም የአበባ ማስቀመጫ የሚለይለት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ዕቃ የሚወድቀውም በዚህ ርክክብ ላይ ነው። ቢወድቅ አትደንግጡ። ስብርባሪው ተጠራቅሞ ተመልሶ ይቀልጣል፤ ቡድኑም አዲስ ይጀምራል።

ይህን ሳታዩ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔ ያየሁት ባለሙያ አንድ ጊዜም እጁ አላረፈም። ወሬ እያወራም ቧንቧውን ያሽከረክራል። ደግሞ ሠራሁ ሲል ተመልሶ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ለምንድነው በአንድ ሙቀት የማይጨርሰው?

መልስ፦ ጥሩ አይተሃል። የቀለጠ ብርጭቆ ሁልጊዜ ወደ መሬት መውረድ ይፈልጋል። ማሽከርከሩ ለአፍታ ቢቆም በአንድ ጎን ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ዕቃ ደግሞ ግድግዳው አንድ ወገን ወፍራም፣ አንድ ወገን ስስ ይሆናል። ለዚህ ነው ለማጅ ከሁሉ አስቀድሞ ማሽከርከር የሚማረው። እኔንም ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር አላስነኩኝም ነበር።

ወደ እሳቱ መመላለሱ ደግሞ ከብርጭቆ ጠባይ ይመጣል። ውሃ ወይ በረዶ ነው ወይ ፈሳሽ ነው፤ ድንበሩ ቁርጥ ያለ ነው። ብርጭቆ እንዲህ ያለ ድንበር የለውም። ሲበርድ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ይሄዳል። ከእሳት እንደወጣ በጣም ይፈስሳል፤ ጥቂት ቆይቶ እሺ ይላል፤ ከዚያ እምቢ ይላል። ባለሙያው የሚሠራው በመሃሉ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እምቢ ካለ በኋላ ቢያስገድደው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ማሞቂያው አፍ ይመልሰዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ይቀጥላል። ጆሮውን ሲቀጥል ሆዱ እንዳይበርድ፣ ሆዱን ሲያሞቅ እግሩ እንዳይቀልጥ እያሰበ ነው።

ሌላም ልታየው የሚገባ ነገር አለ። ረዳቶቹን ተመልከት። ማን በር ይከፍታል? ሙቀቱ ባለሙያው ፊት ላይ እንዳይመታው የእንጨት መከላከያ የሚይዘው ማን ነው? በጣሊያን ሙራኖ ዋናው ባለሙያ ማኤስትሮ፣ የመጀመሪያው ረዳት ሰርቬንቴ፣ ታናሹ ልጅ ጋርዞኔ ይባላል። በደንብ የተዋሐደ ቡድን ሲሠራ ትእዛዝ ብዙም አትሰማም። ባለሙያው እጁን ሲዘረጋ መቀሱ እዚያ ይደርሳል። ለብቻው የሚሠራ ነፊም አለ፤ እኔ ግን ቡድን ያለበትን ቤት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴም አብራን ናት፤ የልብ ሕመም አለባት። እሳትና ብርጭቆ በአንድ ላይ ሳስበው ያስፈራኛል። ይዣቸው ልግባ?

መልስ፦ ይግቡ። ለጎብኚ የተከፈቱ ቤቶች የመቀመጫ ቦታና አጥር ወይም ገመድ አላቸው። እርስዎ የሚጠብቁት ጥቂት ነገር ነው።

ዋናው ይህ ነው፦ ልጆቹ ምንም ብርጭቆ እንዳያነሡ። ቀይ ሆኖ የጋለ ብርጭቆን ሰው ይፈራዋል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 300 ዲግሪ የሞቀ ብርጭቆና የበረደ ብርጭቆ በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። መሬት የወደቀች ትንሽ ፍርፋሪ ለልጅ እጅ ታምራለች። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ውጪ ቆማችሁ ቃል ያስገቧቸው።

ሁላችሁም ጣትን የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። ቶሎ ከሚቀልጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይልቅ ጥጥ ልበሱ። ልጆቹ የምድጃውን አፍ ትኩር ብለው ለረጅም ጊዜ እንዳያዩ፤ ብርሃኑ ዓይን ያደክማል። በድንገት ጣ የሚል ድምፅ ቢሰማ አይደንግጡ፤ ትራፊ ብርጭቆ ባልዲ ውስጥ ሲበርድ የሚፈነዳው ነው። የአምስት ዓመቱ ልጅ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ይስቃል፤ ካላወቀ ያለቅሳል።

ለእናትዎ ግን ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ከፈቀደላቸውም ከበሩ አጠገብ ያስቀምጧቸው፣ ውሃ ይያዙላቸው፣ መውጣት ሲፈልጉ ማንም ሳያስነሣ የሚወጡበት ቦታ ይሁን። ማለዳ መሄድም ይረዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ተማሪ ነኝ። በአንድ መንፊያ ቤት ከፍዬ የራሴን ኳስ ነፋሁ። ሠርቼ ስጨርስ ግን ‹‹ነገ ና›› አሉኝ። በማግስቱ ስለምመለስ በፖስታ ላኩልኝ። በረደ እኮ፣ ለምን አልሰጡኝም?

መልስ፦ ቢሰጡህ ኖሮ ሻንጣህ ውስጥ ይፈነዳ ነበር።

ብርጭቆ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። አየር ላይ ብትተወው ቆዳው ቶሎ ይበርዳል፣ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነው። በኋላ ውስጡም ልኮማተር ሲል ቆዳው አይለቀውም። በዚህ መሳሳብ ውስጥ የታፈነ ኃይል ይቀራል። ዕቃው ደህና ይመስላል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ሥራው እንዳለቀ ወደ ሌላ ምድጃ የሚሮጡት። ያ ምድጃ ለተለመደው ብርጭቆ 500 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርጭቆው እዚያ ቅርጹን ሳይለቅ ውስጡን ያሳርፋል፤ ከዚያ ሙቀቱ በዝግታ ይወርዳል። ላንተ ዓይነት ትንሽ ዕቃ አንድ ሌሊት ይበቃል። ወፍራም ቅርጽ ቀናት፣ ሳምንታትም ይፈልጋል። በ1934 አሜሪካ ኮርኒንግ ውስጥ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የተቀረጸው የብርጭቆ መስታወት ስፋቱ 5 ሜትር ያህል ነው፤ እሱን ለማብረድ ወራት ፈጅቷል።

ዕድል ከገጠመህ ‹‹የልዑል ሩፐርት ጠብታ›› የሚባለውን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። የቀለጠ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲንጠባጠብ ክብ ራስና ቀጭን ጅራት ያለው ጠብታ ይሆናል። ራሱን በመዶሻ ብትመታው ይችላል። ጅራቱን ቀንጠብ ስታደርገው ግን በሙሉ ዱቄት ይሆናል። ቆዳውና ውስጡ በኃይል ተወጥረው ስለያዙ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታትና ሊቃውንት ሲገረሙበት ኖረዋል። ያለ መከላከያ መነጽር ግን እንዳትጠጋ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? እኔን የሚስበኝ ታሪኩ ነው። ይህ ሙያ የት ተጀመረ? እነዚህ ጥንታዊ ቤቶችስ ለምን ደሴት ላይና ጫካ መሃል ሆኑ? ሊጎበኙ የሚገባቸውን ጥቂት ቢጠቁሙኝ።

መልስ፦ ብርጭቆ ራሱ ከመነፋት በጣም ይቀድማል። ግብፅና ሜሶጶጣሚያ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1500 አካባቢ ትናንሽ የሽቶ ዕቃዎች ይሠሩ ነበር፤ ሲነፉ ግን አልነበረም። የጭቃ ቅርጽ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ይጠቀለላል፣ ሲበርድ ጭቃው ተፍቆ ይወጣል። አድካሚ ነው፤ የሚኖራቸውም ሀብታሞች ብቻ ነበሩ። መንፋት የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በሶርያና ፍልስጥኤም አካባቢ ነው። በኢየሩሳሌም ከተገኙት የዚያ ዘመን ቅሪቶች መካከል ገና በብርጭቆ ቱቦ ጫፍ ለመንፋት የሞከሩ ሰዎች የተዉት ስብርባሪ አለ። የብረት ቧንቧ ሲመጣ ሮማውያን በየግዛታቸው አዳረሱት። የውሃ መጠጫ ብርጭቆ በተራ ሰው ቤት የገባው በዚህ ትንፋሽ ምክንያት ነው።

ቦታውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ እሳት ነው። ቬኒስ በ1291 የብርጭቆ ምድጃዎች ከከተማው ወጥተው ሙራኖ ደሴት ላይ እንዲሆኑ አዘዘች። ከተማዋ በእንጨት የተሞላች ስለነበረች ቃጠሎ ያስፈራ ነበር። ምስጢሩን ለመጠበቅም ተመቻት፤ ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ ሀገር እንዳይሄዱ በሕግ ተከልክለው ነበር። ሙራኖ ዛሬም ይሠራል፤ በ1861 የተመሠረተ የብርጭቆ ሙዚየምም አለው። እኔ ብሆን ሙዚየሙን አስቀድሜ አያለሁ። ያረጀውን ዕቃ ካዩ በኋላ ምድጃው ፊት ሲቀመጡ ዓይንዎ ሌላ ነው።

ሌሎች ደግሞ ማገዶ ፍለጋ ጫካ ገቡ። የስዊድኑ ኮስታ በ1742 ስሞላንድ በሚባለው ደን ውስጥ ተመሠረተ። የኖርዌዩ ሃዴላንድ በ1762፣ ከሐይቅ ዳር። ሁለቱም ጋ ዛሬ ጎብኚ ሥራውን ያያል። በስሞላንድ አንድ የሚያምር ልማድ ነበር። በብርዱ ወራት ማታ ማታ፣ ሥራ ሲቆም፣ የምድጃው ሙቀት ስለሚቀር መንገደኛውና ቤት የሌለው ሰው ብርጭቆ ቤት ገብቶ ያድር ነበር። የአካባቢው ሰውም ተሰብስቦ በዚያው ሙቀት ዓሣ ይጠብሳል፣ ታሪክ ያወራል። ይህን የእራት ልማድ አሁን ለጎብኚ ያዘጋጁታል።

እንግሊዝ የሄዱ እንደሆነ ስቱርብሪጅ አጠገብ የሚገኘውን የሬድ ሃውስ ሾጣጣ ሕንፃ አይለፉት። በ1615 ንጉሡ ብርጭቆ በእንጨት እንዳይቀልጥ ከለከለ፤ እንጨቱ ለመርከብ ይፈለግ ነበር። ባለሙያዎቹም የድንጋይ ከሰል ወዳለበት ሄዱ። ከሰል ብዙ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ጭስ ማውጫ ሆኖ ተሠራ፤ በጡብ፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ። አየሩ ከመሬት በታች ባሉ መተላለፊያዎች ይገባል፣ መሃል ያለውን ምድጃ ያነድዳል፣ በአናቱ ይወጣል። ሠራተኞቹ በሕንፃው ውስጥ፣ በምድጃው ዙሪያ ክብ ሠርተው ይሠሩ ነበር። ይህ ቤት እስከ 1936 ሠርቷል። መሃሉ ላይ ቆመው ቀና ይበሉ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አልቀረም።

በ2023 ዩኔስኮ በእጅ የሚሠራ ብርጭቆን ሙያ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ያስመዘገቡት ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሃንጋሪና ስፔን በጋራ ሆነው ነው። ይህ ዜና ሲሰማ እኔ አለቀስኩ። ምክንያቱም ምድጃ አንዴ ከጠፋ፣ ቡድኑም አንዴ ከተበተነ፣ ሙያውን በመጽሐፍ መመለስ አይቻልም። ርክክቡን፣ ማሽከርከሩን፣ ‹‹አሁን ነው›› የሚለውን ስሜት ሰው ከሰው ነው የሚማረው።

ጥያቄ፦ ባለሙያዋ ‹‹ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ነው የምሠራው›› አለችን። ከእሳቱ ሲወጣ ግን ብርቱካናማ ነበር። የቱ ላይ ነው ቀለም የሚቀቡት?

መልስ፦ አይቀቡትም፤ ቀለሙ ከብርጭቆው ጋር ቀልጧል። የጋለ ነገር ሁሉ ብርቱካናማ ብርሃን ስለሚያወጣ የራሱ ቀለም ይሸፈናል። ሲበርድ ብቅ ይላል። ባለሙያዋ በዚያ ሰዓት የምትሠራው በትዝታ ነው፤ የትኛው ቀለም የት እንደተቀመጠ በዓይኗ እያየች አይደለም።

ሰማያዊው ከኮባልት ይመጣል፤ በጣም ጥቂት ይበቃዋል። አሸዋ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ብረት አረንጓዴ ያደርጋል፤ የድሮ ጠርሙሶች አረንጓዴ የሆኑት ለዚህ ነው። ማንጋኒዝ ሲበዛ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል፣ በልኩ ሲሆን ደግሞ የብረቱን አረንጓዴ ያጠፋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የወርቁ ነው። በጥቂት ወርቅ የተሠራ ብርጭቆ መጀመሪያ ሲበርድ ቀለም አልባ ሊሆን ይችላል። መልሰው ሲያሞቁት የወርቅ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው ደማቅ ቀይ ይሆናል። ይህን የሚያሳይ ቤት ካገኘሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እዚያ ቁሚ።

ጥያቄ፦ መሸጫው ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ በእርግጥ እዚያው የተነፋ ነው? እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጠው መቀመጫውን ይዩ። ያ የብረት ዘንግ የተላቀቀበት ቦታ ሻካራ ጠባሳ ወይም ተሞርዶ የተለሰለሰ ክብ ጎድጓዳ ይተዋል። ቀጥሎ ከንፈሩን ይዳስሱ። በእሳት የተጠናቀቀ ከንፈር ክብና ለስላሳ ነው። በጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ በሁለት በሚገጥም ቅርጽ ውስጥ የወጣ ነው። እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ፤ በአፍ የሚነፋ ብርጭቆም አንዳንዴ በቅርጽ ውስጥ ይነፋል፣ ያም የከበረ ሙያ ነው። ስድስት ብርጭቆ ደርድረው ጥቂት ቢለያዩ የእጅ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ሙራኖ ከሆነ፣ ከ1994 ጀምሮ በቬኔቶ ክልል ሕግ የተቋቋመ ‹‹ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ›› የሚል ምልክት አለ፤ እሱን ይፈልጉ። ካላገኙም ሻጩን ‹‹ይህን የሠራው ማን ነው?›› ብለው ይጠይቁ። ዕቃው እዚያው የተሠራ ከሆነ መልሱ ሩቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አስጎብኚያችን የድሮ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ታች በኩል የወፈረው ብርጭቆ ቀስ እያለ ስለሚፈስ ነው አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በክፍል ሙቀት ብርጭቆ እንዲያ ለመፍሰስ ከዩኒቨርስ ዕድሜ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። የድሮ መስኮት ብርጭቆ የሚነፋ ነበር። አንዱ ዘዴ አረፋውን ከፍቶ በፍጥነት በማሽከርከር ሰፊ ክብ ማድረግ ነው፤ ያ ክብ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ሲቆረጥ አንዱ ጠርዝ ይወፍራል። ወፍራሙን ወደ ታች ማድረግ ደግሞ ይመች ነበር። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የተደረገም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ አንድ ቪዲዮ ካየች ወዲህ ‹‹ብርጭቆ ነፊ ነው የምሆነው›› ትላለች። አባቷ የወንድ ሥራ ነው ይላታል። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወስደሽ አሳያት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙራኖ ውስጥ ማሪዬታ ባሮቪየር የምትባል ሴት ነበረች፤ የታዋቂው ባለሙያ የአንጄሎ ባሮቪየር ልጅ። በ1487 የራሷ ትንሽ ምድጃ እንዲኖራት ፈቃድ ተሰጥቷታል። ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ ተደራርቦ የተሠሩ ባለ ኮከብ ዶቃዎችም ከስሟ ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። እርግጥ ለዘመናት ትልቁ ምድጃ በወንዶች እጅ ነበር። ከ1962 ወዲህ፣ ሃርቪ ሊትልተን የሚባል የሸክላ መምህር አሜሪካ ቶሊዶ ሙዚየም ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራበት የሚችል አነስተኛ ምድጃ ካሳየ በኋላ፣ ትምህርቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሴቶችም በብዛት መጡ። ጉልበት ይጠይቃል፣ አልዋሽሽም። ቧንቧው ከነብርጭቆው ይከብዳል፣ ትከሻ ያማል። ጉልበት ግን በሥራ ይመጣል። አባቷም አብሮ ይሂድ፤ ሴት ባለሙያ የምትሠራበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለሙያውን እየሠራ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው? ፎቶስ?

መልስ፦ ነውር አይደለም። ግን ሰዓቱን ምረጥ። ብርጭቆው ማሞቂያው ውስጥ ሲሆን ጠይቅ፤ ያን ጊዜ እጁ ቢሠራም አፉ ነፃ ነው። ረዳቱ ዘንጉን ይዞ ሲቀርብ ግን ዝም በል። ፎቶ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ፍላሹን አጥፋው፤ ድንገተኛ ብርሃን የጋለ ነገር በያዘ ሰው ዓይን ላይ አደጋ ነው። የምድጃውን አፍ አታንሣ፣ ሌላውን ሁሉ ያጨልምብሃል። እጆቹን አንሣ።

ደግሞ ከመሄድህ በፊት ደውል። ምድጃ በየጊዜው ጠፍቶ ይታደሳል፤ አንዳንድ ቤት በሙቀቱ ወራት ሥራ ያቆማል፤ የምሳ ሰዓትም አለ። ‹‹ክፍት ነን›› ማለት መሸጫው ክፍት ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልክ ላይ ‹‹ነገ ስንት ሰዓት ላይ ትነፋላችሁ? ያንን ዕቃስ እስከ መጨረሻው ማየት እንችላለን?›› ብለህ ጠይቅ።